ፈቃዴን ላድስ ወይስ ልተወው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ውድ አማካሪ፣

ዕድሜዬ 63 ነው። 34 ዓመት የመንገደኞች አውሮፕላን አብርሬያለሁ፤ የመጨረሻዎቹን 19 ዓመታት በካፒቴንነት። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሁን ከሁለት ወዳጆቼ ጋር በጋራ የገዛናት፣ አንድ ሞተርና አራት መቀመጫ ያላት ትንሽ አውሮፕላን አለችኝ። በዓመት 40 ሰዓት ያህል እበርባታለሁ፤ ለደስታዬ እንጂ ለክፍያ አይደለም።

ያስቸገረኝ የፈቃድ ነገር ነው። የሙያ ፈቃዴ እንዳይሞት ስል እስከ ዛሬ በየስድስት ወሩ ለአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራ እቀርባለሁ። የመሣሪያ በረራ ብቃቴንም፣ ማለትም ደመና ውስጥ ውጪው ሳይታይ በመሣሪያ ንባብ ብቻ የማብረር ብቃቴን፣ በየዓመቱ ተፈትኜ አድሳለሁ። የሁለቱም ጊዜ ከሰባት ሳምንት በኋላ ያበቃል። ለግል በረራ ሁለተኛ ደረጃ ምርመራ እንደሚበቃኝ አውቃለሁ። ባለቤቴ «ለማትሠራው ሥራ ለምን ትፈተናለህ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው የለኝም። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል አንድ የበረራ ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ቀን እንዳስተምር ጠይቆኛል፤ እሺም እምቢም ሳልል ሁለት ወር አለፈ።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ያ ወረቀት ከኪሴ ከወጣ እኔ ምን እንደምሆን አላውቅም። የበረራ ክበባችን አባላት ዛሬም «ካፒቴን» ነው የሚሉኝ። ወደ ግል አብራሪነት ወረድኩ ብሎ መናገር ያሳፍረኛል። ይህን ለባለቤቴ እንኳን ተናግሬ አላውቅም።

የልጅ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዣት እንደምበር ቃል ገብቼላታለሁ፤ ቀን እየቆጠረች ነው። ብዙ ትርጉም ባይኖረውም አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ልቤ ለጥቂት ሰከንዶች ምቷን ስታ ስትርገበገብ ተሰምቶኛል። ወዲያው ተወኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ መርማሪው ከሰማ ትንሿንም አውሮፕላን እንዳያሳጣኝ እፈራለሁ።

ላድስ ወይስ ልተወው?

ክንፉን ያላጠፈው


የአማካሪዋ መልስ

ካፒቴን፣

እኔም እንደ ክበብዎ አባላት በዚሁ ስም ልጥራዎት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የጻፉልኝ ስለ ወረቀት ነው፤ እኔን ግን ዕረፍት የነሳኝ «ብዙ ትርጉም ባይኖረውም» ብለው በስተመጨረሻ ያስገቡት ነገር ነው። ስለዚህ የጠየቁኝን ከመመለሴ በፊት ካልጠየቁኝ ልነሳ፤ ቅር እንዳይልዎት እለምናለሁ።

ልብ ለጥቂት ሰከንዶች ምቷ የሚዛባበት ምክንያት ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ትርፍ ምት ይሆናል፤ ቡና ሲበዛ፣ እንቅልፍ ሲጎድል፣ ሐሳብ ሲከመር በጤነኛ ሰው ላይም ይከሰታል። ነገር ግን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባል የምት መዛባትም አለ። በዚህ ጊዜ የልብ የላይኞቹ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ፤ ደም እዚያው ሊረጋ፣ የረጋውም ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ እየበዛ የሚመጣ ሕመም ነው። ሁለቱን በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። «በየስድስት ወሩ ልቤ ይመረመር የለ?» ይሉኝ ይሆናል። አልጋ ላይ ተጋድመው የሚነሱት የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ የሚመዘግበው አሥር ሰከንድ ያህል ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ደረጃ ላይ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነገር በእነዚያ አሥር ሰከንዶች ውስጥ ላይያዝ ይችላል። ሐኪሞች ሌት ተቀን ደረት ላይ ተለጥፎ የልብን ምት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ የሚያስሩት ለዚህ ነው። አያምም፤ ከሥራም አያስቀርም።

በትልቁ አውሮፕላን ላይ ካፒቴኑ ራሱን ቢስት የሚሆነውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ረዳት አብራሪው ሁለት ጊዜ ጠርቶ መልስ ካጣ አውሮፕላኑን ይረከባል፤ ይህን በሲሙሌተር ውስጥ ደጋግማችሁ ተለማምዳችሁታል። በትንሿ አውሮፕላን ግን በቀኝ ወንበር የምትቀመጠው የ11 ዓመት ልጅ ናት። ይህን የምጽፈው ላስፈራራዎት ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፦ ያው ደብዳቤ ከአንድ የቀድሞ ረዳትዎ የመጣ ቢሆን ኖሮ ምን ብለው ይመልሱለት ነበር? እስቲ በእሱ ስም አንድ ጊዜ ያንብቡት።

ፍርሃትዎ ይገባኛል። ሙሉ የሥራ ዘመንዎን በምርመራ ወንበር ላይ «ሁሉም ደህና ነው» የሚለውን ቃል ሲጠብቁ ኖረዋል፤ አንዲት መጥፎ ውጤት እንጀራን እንደምታሳጣ የሚያውቅ ሰው ስለ ራሱ ሕመም መናገርን አይወድም። ዛሬ ግን እንጀራዎ በዚያ ውጤት ላይ አልተንጠለጠለም። ደግሞም «መርማሪው ከሰማ ሁሉንም ያሳጣኛል» የሚለው ስጋት ደንቡ ከሚለው በላይ የጨለመ ነው። ሁለቱ የጤና ደረጃዎች አንድ ዓይነት ወንፊት አይደሉም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መለኪያ ለአንደኛ ደረጃ እያንዳንዱ ዓይን በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር 6/9 ማየት (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር መለየት) ሲኖርበት ለሁለተኛ ደረጃ 6/12 ይበቃል፤ በልብ ጉዳይም ለአንደኛው ያልበቃ ሰው ለሁለተኛው ሊበቃ ይችላል። በአውሮፓ ደንብ የግል አብራሪ ሙሉ በሙሉ ከመታገድ ይልቅ መቆጣጠሪያው ጥንድ በሆነ አውሮፕላን ላይ፣ ሌላ ብቁ አብራሪ አጠገቡ ተቀምጦ እንዲበር በገደብ የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ። የልባቸው ምት ታክሞ፣ ተከታትለውት፣ ወደ በረራ የተመለሱ አብራሪዎች አሉ። ሳይታከሙ ደብቀው የበረሩት ናቸው ይበልጥ የሚያሳዝኑኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ቅደም ተከተሉ ግን ለውጥ ያመጣል። በመጀመሪያ መሄድ ያለብዎት ወደ በረራ ጤና መርማሪው ሳይሆን ወደ ልብ ሐኪም ነው። ምንነቱ ሳይታወቅ «ልቤ ይርገበገባል» ብሎ መርማሪ ፊት መቅረብና የምርመራውን ውጤት፣ የሐኪሙን ደብዳቤና የሕክምናውን ዕቅድ ይዞ መቅረብ አንድ አይደለም። ሁለተኛው መርማሪው በእርግጠኝነት እንዲወስን ይረዳዋል። በአሜሪካ ለምሳሌ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል አብራሪዎች በመንጃ ፈቃድና በግል ሐኪማቸው ምርመራ የሚበሩበት ቀለል ያለ መንገድ አለ፤ ነገር ግን የመጨረሻው የበረራ ጤና ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ሰው በዚያ መንገድ መጠቀም አይችልም። ሳይዘጋጁ ሮጦ ማመልከት በር የሚዘጋው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ይህን ስል ዝም ይበሉ ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኛል። በቅጹ ላይ ስለ ልብዎ ሲጠየቁ እውነቱን ይጽፋሉ፤ ሌላ መንገድ አላሳይዎትም። በዚያ ላይ ጤናው መቀነሱን የሚያውቅ አብራሪ በፈቃዱ መጠቀም እንደሌለበት ዓለም አቀፉ ደንብ ይናገራል፤ ይህ ግዴታ የጀመረው ደረጃው ላይ በቆሙበት ቀን ነው እንጂ ከሰባት ሳምንት በኋላ አይደለም። ስለዚህ የሐኪሙ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ብቻዎን ወይም የልጅ ልጅዎን ይዘው አይነሱ። ከሁለቱ ወዳጆችዎ አንዱ ዋና አብራሪ ሆኖ እርስዎ በተሳፋሪነት መሄድ ይችላሉ። ለወዳጆችዎ ምክንያቱን ይንገሯቸው፤ አውሮፕላኗ የእነሱም ናት።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ።

«ፈቃዴ እንዳይሞት» ብለዋል። ይህ አባባል በብዙ ጡረተኛ አብራሪዎች አፍ ያለ ይመስለኛል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ባለ ቃል የሚገለጽ አይደለም። ፈቃዱ፣ የጤና ማረጋገጫውና የብቃት ማረጋገጫዎቹ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ስለኖሩ አንድ መሰሉ እንጂ። በአውሮፓም በአሜሪካም የአብራሪነት ፈቃድ ራሱ ጊዜው አያልፍም። የሚያልፈው የጤና ማረጋገጫውና የብቃት ማረጋገጫው ነው። በእነዚህ ደንቦች ሥር ከሆኑ ሰባት ሳምንቱ ካለፈ በኋላም ፈቃዱ የእርስዎ ነው፤ ለጊዜው የማይጠቀሙባቸው መብቶች በውስጡ ይተኛሉ። ፈቃዱ ራሱ በተወሰነ ዓመት በሚታደስባቸው አገሮች ደግሞ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ «የአንደኛ ደረጃ ማረጋገጫዬ ቢያልፍ ፈቃዴ በመዝገባችሁ ላይ ይቆያል? በኋላ ልመልሰው ብፈልግ ምን ይጠበቅብኛል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን በቃል ብቻ አይቀበሉ።

ዋናው ጥያቄ «የትኛው በር ነው በእውነት የሚዘጋው?» የሚል ነው። በአውሮፓ ደንብ የአንደኛ ደረጃ ማረጋገጫው ጊዜ ካለፈ ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነው መርማሪው ከማደሱ በፊት የቀድሞ መዝገብዎን ማየት አለበት፤ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነው እንደ አዲስ አመልካች ይመረመራሉ። የመሣሪያ በረራ ብቃት ሳይታደስ ከሰባት ዓመት በላይ ከቆየ የጽሑፍ ፈተናውን ከነተግባር ፈተናው እንደገና መውሰድ ይመጣል። ልብ ይበሉ፤ እርስዎ የሚጨነቁት ሰባት ሳምንት እየቆጠሩ ነው፤ በሮቹ ግን የሚዘጉት በዓመታት ነው። ስድስት ወር ቢዘገዩ የሚያጡት ነገር ቢኖር ትንሽ ነው። ይህ ብቻውን ትንፋሽ ሊሰጥዎት ይገባል።

በተቃራኒው ደግሞ ወረቀቱን ቢያድሱት ምን ያደርጉበታል? ዓለም አቀፉ ደንብ በዓለም አቀፍ በረራ መንገደኛ፣ ጭነት ወይም ፖስታ በክፍያ ለሚያጓጉዝ አብራሪ የዕድሜ ጣሪያ አለው፦ ብቻውን ለሚያበር 60፣ ከሌላ አብራሪ ጋር ለሚያበር 65። ይህ ጣሪያ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ 65 ከፍ ሲል ከሁለቱ አብራሪዎች አንዱ ከ60 በታች መሆን ነበረበት፤ ከኅዳር ወር 2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁለቱም ከ60 በላይ መሆን ይችላሉ። የጤና ምርመራው ከ60 በኋላ በየስድስት ወሩ የሆነውም ለዚያ ሥራ ሲባል ነው። እርስዎ 63 ነዎት። ወደ ትልቁ አውሮፕላን ለመመለስ ቢያስቡ ያንን የአውሮፕላን ዓይነት የማብረር ብቃትዎን አድሰው፣ ቀጣሪ አግኝተው፣ ሥልጠናውን ጨርሰው የሚሠሩበት ጊዜ ምን ያህል ነው? መመለስ ይፈልጋሉ? በደብዳቤዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍላጎት ፈልጌ አላገኘሁም። ካለ ይንገሩኝ፤ ምክሬን እቀይራለሁ።

ከሌለ የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ አንደኛ ደረጃውን ይተዉት፤ የመሣሪያ በረራ ብቃቱን ይያዙት። ሁለቱን አብረው ሲያድሱ ስለኖሩ አብረው የሚወድቁ መስለውዎት ይሆናል፤ አይደሉም። በአውሮፓ ሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ያለው የግል አብራሪ የመስማት ምርመራውን ጨምሮ ካለፈ የመሣሪያ በረራ ብቃቱን መያዝ ይችላል። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሁለተኛ ደረጃው በየ12 ወሩ ነው፤ ወጪውም ድካሙም ይቀላል። የመሣሪያ ብቃቱን ይያዙት የምለው ለክብር አይደለም። በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች እጅግ ገዳይ ከሆኑት አንዱ በዓይን እያየ የሚበር አብራሪ ሳያስበው ደመና ውስጥ ሲገባ የሚደርሰው ነው። እርስዎ ያለዎት ችሎታ ሌላው የክበብዎ አባል የሚመኘው ነው፤ ነገር ግን ካልተለማመዱት ቶሎ የሚዶለዱም ችሎታ ነው። የአሜሪካ ደንብ በስድስት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ በመሣሪያ እየተመሩ ወደ ማረፊያ መቅረብን የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ገንዘብዎን ማውጣት ካለብዎት እዚህ ላይ ያውጡት። የመድን ድርጅታችሁንም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ውሉ ስለ አብራሪው ፈቃድና ብቃት የሚለውን ቃል በቃል ያንብቡት።

ስለ ማስተማሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል። ለማስተማር አንደኛ ደረጃ ማረጋገጫ ያስፈልጋል ብለው ካሰቡ፣ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የበረራ መምህር ያለ አንደኛ ደረጃ ማረጋገጫ በክፍያ ማስተማር የሚችልበት መንገድ አለ። የ65 ዓመቱ ጣሪያም ለትምህርት በረራ የተጻፈ አይደለም። የሚያስፈልገው የመምህርነት ብቃት ነው፤ በኩባንያ ውስጥ ካፒቴኖችን ማሠልጠን ደግሞ ጀማሪን በትንሽ አውሮፕላን ለማስተማር በራሱ ፈቃድ አይሰጥም። ይህ ብቃት አለዎት? በደብዳቤዎ አልገለጹትም። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ሁለት ወር እሺም እምቢም ሳይሉ የቆዩት ስለምን ይመስልዎታል? ማስተማሩን ይፈልጉታል ወይስ መጠየቁ ነው ደስ ያለዎት? ሁለቱም ነውር የለባቸውም። ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ለትምህርት ቤቱ «ለአንድ ወር የክፍል ትምህርት ላስተምርና እንየው» ይበሏቸው። የአየር ጠባይ፣ የበረራ ዕቅድ፣ የክብደት ስሌት ለማስተማር ማንም የልብዎን ምት አይጠይቅም። ከወሩ በኋላ ጠዋት ወደ ክፍሉ ለመሄድ የሚነሱት በጉጉት ከሆነ መልሱን አገኙት ማለት ነው።

«ወረድኩ» ስለሚለው ቃል ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ከደንቡ ሁሉ በላይ የከበደዎት እሱ ነው። በትልቁ አውሮፕላን የአየሩን ሁኔታ የሚያጠና፣ ነዳጁን የሚያሰላ፣ ክብደቱን የሚያመዛዝን፣ ጉድለቱን የሚፈትሽ ሌላ ሌላ ሰው ነበረ። በትንሿ ላይ ይህን ሁሉ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት፤ «ዛሬ አንነሳም» የሚለውንም ቃል የሚናገር ሌላ ሰው የለም። ከትልቅ አውሮፕላን ወደ ትንሽ የሚመጡ አብራሪዎች ሲያርፉ አፍንጫዋን ገና ከፍ ብለው ሳሉ እንደሚያነሱ፣ ዓይናቸው ከመሬት ያን ያህል ቅርብ መሆኑን እስኪለምድ ጊዜ እንደሚፈጅ ሰምተዋል፤ ምናልባትም በራስዎ ደርሶ አይተውታል። ይህ ሌላ ሙያ ነው። ወደ ሌላ ሙያ የሄደ ሰው ወረደ አይባልም።

የሚያሳስበኝ ግን «ካፒቴን» የሚለው ጥሪ ነው። በፍቅር የሚሉዎት መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ሁሉም «ካፒቴን» በሚልበት ክበብ ውስጥ ስህተትዎን ማን ይነግርዎታል? ሙያዎ ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ የገዛው ነው። መጋቢት 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ የቴኔሪፍ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ በአብራሪ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሌሎች ሰዎች ጥርጣሬያቸውን ለአንጋፋው ካፒቴን በድፍረት አለመናገራቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ረዳት አብራሪ እንዲናገር፣ ካፒቴንም እንዲሰማ ትውልድ ሙሉ ሠልጥኗል፤ እርስዎም ከሠለጠኑት አንዱ ነዎት። በክበቡ ውስጥ ያንን ወንበር ባዶ አያድርጉት። የአውሮፓ ደንብ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ለሚያበር በየሁለት ዓመቱ ብቃቱ ሲታደስ ከመምህር ጋር ቢያንስ የአንድ ሰዓት በረራ ይጠይቃል፤ የአሜሪካውም በየ24 ወሩ ከመምህር ጋር የሚደረግ ግምገማ አለው። ሁለት ዓመት አይጠብቁ። በየስድስት ወሩ፣ የጤና ምርመራ ይሄዱበት በነበረው ቀን፣ ከእርስዎ በዕድሜ የሚያንስ ግን የማያፍርዎ መምህር ይዘው ይብረሩና «ሳትራራ ንገረኝ» ይበሉት። የለመዱትን የስድስት ወር ፈተና አይጡ፤ ፈታኙን ብቻ ይቀይሩት።

በቋንቋችን «ፈቃድ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ ባለሥልጣን ማኅተም አድርጎ የሚሰጠው ነው፤ ሌላው «በፈቃዴ» ስንል ከራሳችን የሚወጣው ነው። እርስዎ 34 ዓመት የመጀመሪያውን ሲያድሱ ኖረዋል። ሁለተኛውን የጠየቀዎት ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህ እኔ ልጠይቅዎት። ማንም ባያይዎት፣ ማንም «ካፒቴን» ባይልዎት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ሲያዩ የሚፈልጉት ምንድን ነው? መልሱን ለእኔ መላክ የለብዎትም። ለባለቤትዎ ግን ይንገሯት።

ስለ እሷ ስናነሳ፣ ጥያቄዋን እንደ ወቀሳ የሰሙት መሰለኝ። «ለማትሠራው ሥራ ለምን ትፈተናለህ?» የሚለው ንግግር ስለ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህች ሴት 34 ዓመት የበረራ ሰሌዳዎን ተከትላ በዓልን ያለ እርስዎ ያሳለፈች፣ በየስድስት ወሩ ከምርመራ እስኪመለሱ ልቧ ተንጠልጥሎ የጠበቀች ሰው ናት። ምናልባት የምትጠይቀው «መቼ ነው የምናርፈው?» ብላ ይሆናል። ከመገመት መጠየቅ ይሻላል። ዛሬ ማታ አጠገቧ ተቀምጠው ሁለቱን ነገሮች ይንገሯት፦ ወረቀቱን መተው ለምን እንደከበደዎትና ደረጃው ላይ የተሰማዎትን። ሁለተኛውን ከሐኪሙ በኋላ እነግራታለሁ ብለው እንዳያቆዩት። ለብቻዎ ይዘውት የቆዩት በቂ ነው፤ ሐኪሙም ጋ አብራዎት ትሂድ።

የአንደኛ ደረጃውን ቀጠሮ በንዴትም በፍርሃትም አይሰርዙት፤ «ከሐኪሜ ውጤት በኋላ እደውላለሁ» ብለው ያራዝሙት። የመሣሪያ ፈተናውም እንደዚያው ይቆይ። ለባለሥልጣኑ የሚጽፉትን ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ይላኩት፤ መልሱ እስኪመጣ የልብዎም ውጤት ይደርሳል። ያን ጊዜ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ አድርገው ከባለቤትዎ ጋር ይወስናሉ።

የልጅ ልጅዎን ቃል ደግሞ አላጠፉም። ቀን እየቆጠረች ነው ብለዋልና ቀኑ ሲደርስ ወደ አውሮፕላን ማቆሚያው ይውሰዷት። እውነቱንም ለዕድሜዋ በሚሆን መጠን ይንገሯት፤ አያቷ ሐኪም «እሺ» እስኪለው ድረስ እንደማይበር ትወቅ። ከዚያ የበረራ ቅድመ ፍተሻ ዝርዝሩን በእጇ ይስጧትና እሷ ታንብብ፣ እርስዎ ይመልሱ። የሞተሩን ዘይት መለኪያ ስባ ታውጣ። የክንፎቹን ጠርዝ በእጇ እየዳሰሰች ትዙር። ከክንፉ ሥር ትንሽ ነዳጅ በመቅጃው ቀድታ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየው፤ ውኃ ካለበት ከሥር ተለይቶ እንደሚታይ ያሳዩዋት። በቀኙ ወንበር አስቀምጠው ቀበቶዋን ይሰሩላት፤ መሪውን ይዛ ስታዞር የክንፉ ጫፍ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ቁራጭ በመስኮት ትይ። ጥያቄ ማብዛቷ አይቀርም። ጊዜ አለዎት።